የእህቴ የፓቶሎጂ ወረቀት ላይ አምስት ቦታ "ፖዘቲቭ" ይላል፤ ምን ማለት ነው?

ታናሽ ወንድም፦

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አንብቤ ብቻ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን ግድ ሆነብኝ።

ታላቅ እህቴ 38 ዓመቷ ነው። አንገቷ ላይ እብጠት ከወጣ ቆይቷል። እንቅርት ነው ብለን ተውነው። እናታችንም አያታችንም ነበረባቸው። አምና መጠጠር ጀመረ። በመርፌ ተወስዶ ሲታይ "አጠራጣሪ ነው" ተባለ። ከዚያ ሙሉ ታይሮይዷ ወጣ፣ ከጎኑ ያሉ ንፍፊቶችም አብረው ወጡ። ውጤቱ ፓፒላሪ ካርሲኖማ ነው። ሐኪሙ ረጋ ብሎ አስረድቶናል፤ ከካንሰር ሁሉ ቀለል ከሚሉት ነው ብሎ አጽናንቶናል።

ያስቸገረን ሁለተኛው ወረቀት ነው። ሌላ ቤተ ሙከራ ተልኮ የመጣ። እንዲህ ይላል፦ ጋሌክቲን 3 ፖዘቲቭ። ኤችቢኤምኢ 1 ፖዘቲቭ። ሲኬ 19 በስፋት ፖዘቲቭ። ቢራፍ ቪ 600 ኢ ፖዘቲቭ። ንፍፊቱ ላይ ታይሮግሎቡሊን ፖዘቲቭ። ኪ 67 ከ 3 በመቶ በታች።

እህቴ ይህን አይታ "አምስት ቦታ ተሰራጭቶብኛል" ብላ ደመደመች። እንቅልፍ ካጣች ሳምንቷ ነው። ቀጠሮዋ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። የሚያውቅ ሰው በቀላል አማርኛ ያስረዳን።

ሰብለ 77፦

እግዚአብሔር ይማራት ወንድሜ። የእኔም አክስት ይሄው ነበረባት። አሁን የልጅ ልጅ ታሳድጋለች። ወረቀቱን ከእህትህ እጅ ነጥቀህ ደብቀው።

ፓቶሎጂ ሦስተኛ ዓመት፦

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ንገራት። እዚያ ወረቀት ላይ "ፖዘቲቭ" ማለት "ቀለሙን ያዘ" ማለት ነው። ተሰራጨ ማለት አይደለም። ከአምስቱ ስለ መሄድ የሚያወራው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱንም እመጣበታለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከወጣው ዕጢ ቁራጭ ተወስዶ ሰም ውስጥ ይቀበራል። ከዚያ 4 ማይክሮን ገደማ ሆኖ ይላጥና መስታወት ላይ ይለጠፋል። አንድን ፕሮቲን ብቻ ፈልጎ የሚይዝ አንቲቦዲ ይፈስበታል። ፕሮቲኑ ካለ ቦታው ቡናማ ይሆናል። ከሌለ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። እኛ ቁጭ ብለን የምናየው ያንን ቡናማ ነው። የት አለ? ምን ያህል ነው? ሴሉ ሆድ ውስጥ ነው ወይስ ጠርዙ ላይ?

ጋሌክቲን 3፣ ኤችቢኤምኢ 1 እና ሲኬ 19 አብረው ይታዘዛሉ። ሦስቱም ለታይሮይድ ተብለው የመጡ አይደሉም። ኤችቢኤምኢ 1 እንዲያውም የሳንባ ሽፋን ካንሰርን ለመለየት የተሠራ አንቲቦዲ ነው። ስሙ ውስጥ የሠራው ፓቶሎጂስት የሄክተር ባቲፎራ ፊደላት አሉ። ሲኬ 19 የሴሉን ቅርጽ ከሚይዙ ክሮች አንዱ ነው። ጋሌክቲን 3 ደግሞ ስኳር ላይ የሚጣበቅ ፕሮቲን ሆኖ፣ መሞት የነበረበት ሴል ሳይሞት እንዲቆይ ያግዛል። ጤነኛ የታይሮይድ ሴል እነዚህን ወይ አያሳይም ወይ በጥቂቱ ያሳያል። ፓፒላሪ ሲሆን ግን ብዙውን ጊዜ ሦስቱም ደምቀው ይወጣሉ። ስለዚህ ሦስቱ ፖዘቲቮች የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ "አዎ፣ ፓፒላሪ ነው።" ሐኪሙ የነገራችሁን ደገሙት እንጂ አዲስ ክፉ ዜና አልጨመሩም።

አሁን ታይሮግሎቡሊን። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው የታይሮይድ ሴል ነው። ንፍፊት ውስጥ ከተገኘ ከታይሮይድ የተነሣ ሴል እዚያ ደርሷል ማለት ነው። ይሄኛው እውነትም ስለ መሄድ ያወራል። ግን ፓፒላሪ አንገት ላይ ወዳሉ ንፍፊቶች መሄዱ በጣም የተለመደ ነው። ዛሬ በምንሠራበት አመዳደብ ከ 55 ዓመት በታች የሆነ ሰው፣ በሽታው እንደ ሳንባና አጥንት ያለ ሩቅ ቦታ እስካልደረሰ ድረስ፣ ንፍፊቱ ቢነካም የሚመደበው "ደረጃ አንድ" ላይ ነው፣ የመጀመሪያው ላይ። እህትህ 38 ናት።

ቢራፍን ማታ ተረኛ ስሆን እጽፋለሁ። እየተጠራሁ ነው።

ታናሽ ወንድም፦

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። አሁኑኑ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። "ደረጃ አንድ" የሚለውን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

ተጠራጣሪው፦

ይቅርታ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። በማይክሮስኮፕ አይተው ፓፒላሪ ነው ካሉ፣ "አዎ ፓፒላሪ ነው" ለማለት ሌላ ብር ለምን ይከፈላል? እኔ ይሄን ነገር ብር መልቀሚያ ነው የምለው።

ፓቶሎጂ ሦስተኛ ዓመት፦

ግማሹ እውነት አለህ። ፓፒላሪን የምንለየው በሴሉ ኒውክሊየስ ነው። ውስጡ ባዶ የመሰለ፣ እንደ ቡና ፍሬ መሐሉ የተሰነጠቀ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ ይሆናል። ይህ በግልጽ ከታየ ቀለም አያስፈልግም። ቀለሙ ብቻውንም ፍርድ አይሰጥም። ሃሺሞቶ (የሰውነት መከላከያ ታይሮይድን የሚያጠቃበት በሽታ) ያለበት ሰው ታይሮይድ ካንሰር ሳይኖርበት እዚህም እዚያም ሲኬ 19 ሊያሳይ ይችላል። ቡናማውን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ይሳሳታል።

የሚያስፈልገው ጠርዝ ላይ ላሉት ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ዙሪያውን ታጥሮ ምንም ያልወረረ አንድ ዓይነት ፓፒላሪ ነበር። እንደዚህ ያለ ዕጢ የነበረባቸው 109 ሰዎች ከ 10 እስከ 26 ዓመት ተከታትለው ታዩ። በሽታው የተመለሰበት አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2016 "ካርሲኖማ" የሚለው ቃል ከስሙ ላይ ተነሣ። አስበው፣ በአንድ ቃል መነሣት ስንት ሰው ካንሰር አለብኝ ከማለት እንደዳነ። እዚያ ላይ እነ ጋሌክቲን ብዙም አያግዙም፣ እነሱ ያም ላይ ቡናማ ሊሆኑ ይችላሉ። ቢራፍ ቪ 600 ኢ ከተገኘ ግን ያ የዋህ ስም አይሰጠውም። ለዚህ ለዚህ ነው የምናዘው።

የዚች እህት ጉዳይ ግን ያለ ሦስቱም ሊታወቅ ይችል ነበር ብትለኝ አልከራከርህም።

ስላይድ ቆራጩ፦

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሰም ቆርጬ፣ ቀለም ቀብቼ ነው የምኖረው። ሁሉም ስለ ፕሮቲኑ ያወራል። ዕጢው ከአንገት ወጥቶ እኛ ጋ እስኪደርስ ምን እንደደረሰበት ግን የሚጠይቅ የለም።

ዕጢ ከሰውነት በወጣበት ደቂቃ መበስበስ ይጀምራል። መድኃኒቱ ፎርማሊን ነው፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ በደንብ የተዘጋጀ 10 በመቶ ፎርማሊን፣ መጠኑ ከዕጢው 10 እጥፍ። ወደ ውስጥ የሚገባው በሰዓት 1 ሚሊሜትር ያህል ነው። አሁን አስቡት፤ የቡጢ ያህል እንቅርት ሳይሰነጠቅ ሲመጣ ፎርማሊኑ መሐሉ ጋ መቼ ይደርሳል?

አንዴ የት እንደሆነ አልናገርም፣ በሃይላንድ ጠርሙስ መጣልን። ሲገባ ለስላሳ ነበር፣ ተጣጥፎ ገባ። ፎርማሊኑ ሲይዘው እንደ ድንጋይ ደረቀ። በዚያ ጠባብ አንገት መልሶ መውጣት እምቢ አለ። ጠርሙሱን በመቀስ ቀደን አወጣነው። ያመጣው ልጅ መርካቶ ደርሶ ነው የመጣው፣ ሁለት ቀን ቤቱ አድሯል። ፎርማሊኑም እስከ ግማሹ ብቻ ነበር።

እንደዚህ ያለ ናሙና ሲቀባ ጠርዙ ቡናማ፣ መሐሉ ባዶ ይወጣል። ታዲያ "ኔጌቲቭ" የተባለው ፕሮቲኑ ስለሌለ ነው ወይስ ስለበሰበሰ? ለዚህ ነው እዚያው ስላይድ ላይ መያዝ ያለበትን ነገር አስቀድመን የምናየው። ጋሌክቲን 3 ከሆነ፣ ቆሻሻ የሚለቅሙት ማክሮፌጅ የሚባሉት ሴሎች ቡናማ መሆን አለባቸው። እነሱ ካልያዙ ውጤቱን አልሰጥም፤ እደግመዋለሁ።

ተገላቢጦሹም አለ። ሃርትል የሚባሉት ወፈር ያሉ የታይሮይድ ሴሎች ባዮቲን ሞልቶባቸዋል። የድሮው ማቅለሚያ ባዮቲንን ስለሚጠቀም ምንም ፕሮቲን ሳይኖር ቡናማ ይሆኑልሃል። በዚህ የተሸወደ ባለሙያ ብዙ ነው፤ እኔም አንዱ ነበርኩ።

ሰብለ 77፦

ባዮቲን ማለት ያ ለጸጉር የምንውጠው ነው?

ስላይድ ቆራጩ፦

ራሱ ነው። ግን የምትውጪው ስላይዱን አያበላሽም። የሚያበላሸው የደም ምርመራውን ነው። ታይሮግሎቡሊንና ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን) በአንዳንድ ማሽን ላይ ከእውነቱ ዝቅ ብለው ይወጣሉ። ደም ከመሰጠቱ በፊት መውሰድሽን ለሐኪሙ መናገር ነው።

ፓቶሎጂ ሦስተኛ ዓመት፦

ተረኛ ነኝ፣ ቡናዬን ይዣለሁ። ቢራፍ።

ሴል "ተባዛ" የሚል ትዕዛዝ ከውጭ ሲደርሰው ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ራስ ለራፍ፣ ራፍ ለሜክ፣ ሜክ ለኧርክ። ቢራፍ ከመልእክተኞቹ አንዱ ነው። ሥራው ሲታዘዝ መነሣት፣ ሲጨርስ መተኛት ነው። ቢራፍ ፕሮቲን ላይ 600ኛው ቦታ የሚቀመጠው ቫሊን የሚባል አሚኖ አሲድ ነው። እሱ በግሉታሚክ አሲድ ከተተካ መልእክተኛው መተኛት ይረሳል። ማንም ሳይልከው ሌት ተቀን "ተባዛ፣ ተባዛ" ይላል። "ቪ 600 ኢ" የሚባለው ይህ ነው።

ቢራፍ ካንሰር ውስጥ መበላሸቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። በዓመቱ ታይሮይድ ላይ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የተበላሸውን ፕሮቲን ብቻ ለይቶ የሚይዝ፣ ቪኢ 1 የሚባል አንቲቦዲ መጣ። ከዚያ ወዲህ ዘረ መል ሳይነበብ በዚያው ቡናማ ቀለም ማወቅ ተቻለ።

ዋናውን ልበል። ከፓፒላሪ ግማሽ ያህሉ ይህ አለበት። ብርቅ ነገር አይደለም። ብቻውን ሆኖ ምን ያህል ያከፋዋል የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ቴርት የሚባለው ዘረ መል አብሮ ሲበላሽ ግን ይከፋል፣ እዚያ ላይ ብዙዎች ይስማማሉ።

ኪ 67 የሚባዙ ሴሎችን ብቻ የሚቀባ ነው። ከ 100 ሴል ከ 3 በታች ከሆነ ዕጢው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። እህትህ በዚህ ልትደሰት ይገባል።

ባዮኬሚስትሪ አራተኛ ዓመት፦

እኔ የምጨምረው አለ። ቢራፍ ቪ 600 ኢ ሲነሣ ሌላ ፕሮቲን ይጠፋል። ኒስ ይባላል። የታይሮይድ ሴል ከደም አዮዲን የሚስብበት በር ነው፤ ሁለት ሶዲየም ሲያስገባ አንድ አዮዲን ያስገባል። ዘረ መሉ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የቀረውን የካንሰር ሴል ለመግደል የሚሰጠው ሬድዮአክቲቭ አዮዲን የሚሠራው በዚህ በር ስለሚገባ ነው። በሩ ከተዘጋ መድኃኒቱ አይገባም። ስለዚህ ቢራፍ ፖዘቲቭ የሆነች ሰው አዮዲኑ አይሠራላትም።

ታናሽ ወንድም፦

ምን? ለእሷ እኮ አዮዲን ትወስዳለች ብለውናል።

ፓቶሎጂ ሦስተኛ ዓመት፦

ቆይ ቆይ። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ስህተት ናት። በሩ ይቀንሳል እንጂ ሁልጊዜ አይጠፋም። ቢራፍ ፖዘቲቭ ሆነው አዮዲን በደንብ የሠራላቸው ብዙ ናቸው። ሴሉ ይስባል ወይስ አይስብም የሚለው የሚታየው በስካን ነው እንጂ ከወረቀት አይነበብም። እንዲያውም አንዳንዱ ዕጢ ላይ ኒስ ደምቆ ቡናማ ይሆናል፣ ግን ሴሉ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ነው። በር ግቢ ውስጥ ተጋድሞ አጥር ላይ ካልተገጠመ ምን ይጠቅማል? የት እንዳለ ነው የምናየው ያልኩት ለዚህ ነው። ልጄ፣ ያነበብሽው ልክ ነው። ግን ከታማሚ ቤተሰብ ጋር ስናወራ ጠንቀቅ ነው።

ባዮኬሚስትሪ አራተኛ ዓመት፦

ይቅርታ ወንድሜ፣ ቸኮልኩ። እህትህንም ይቅርታ በልልኝ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

እኔ በሩ የተዘጋባት ሰው ነኝ፤ ልናገር።

አሜሪካ ከገባሁ በአምስተኛ ዓመቴ ነው የተገኘብኝ። ታይሮይዴ ወጣ፣ አዮዲን ሁለት ጊዜ ወሰድኩ። ከመውሰዴ በፊት አዮዲን ያለበት ምግብ ሁሉ ተከለከልኩ። ጨው፣ ዓሣ፣ ወተት። የሆስፒታሉ ባለሙያ ዝርዝር ሰጠችኝ፤ በርበሬና ሽሮ ግን ዝርዝሯ ላይ የለም። እናቴ ከሀገር ቤት የላከችው በርበሬ ጨው ገብቶበታል። ደውዬ "እማዬ፣ የገባው ጨው አዮዲን ያለው ነው?" ብላት "ልጄ አሞሻል እንዴ፣ ጨው ጨው ነው" አለችኝ። ሁለት ሳምንት አልጫ በልቼ ሰነበትኩ።

ከሁለተኛው በኋላ ስካኑ ባዶ ወጣ። እልል አልኩ። ግን የደሜ ታይሮግሎቡሊን ይጨምር ነበር። ታይሮይድ የሌለው ሰው ይህ ፕሮቲን ሊኖረው አይገባም። ስካኑ ባዶ የሆነው በሽታው ስለጠፋ ሳይሆን አዮዲኑን መሳብ ስላቆመ ነበር። ሲቲ ላይ ሳንባዬ ላይ ነጠብጣብ ታየ። አሁን ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ እየታየ ነው ያለው፣ ብዙም አላደገም።

ታናሽ ወንድም፣ የእህትህ ነገር የኔ አይደለም፤ አታወዳድር። ግን አንድ ነገር ያዝ። ንፍፊቱ ላይ የተቀባው ታይሮግሎቡሊንና ወደፊት በደሟ የሚለካው አንድ ፕሮቲን ነው። ወረቀት ላይ አሁን ፖዘቲቭ መሆኑ ክፉ አይደለም። ደም ላይ እየጨመረ ከሄደ ግን መጠየቅ ነው። ሲለካ ፀረ ታይሮግሎቡሊን አንቲቦዲም አብሮ ይታይ በሉ። ከአራት ታማሚ አንዱ ያህል አለው፤ ያ ካለ ቁጥሩ ከእውነቱ ዝቅ ይልና ያዘናጋል።

ባዮኬሚስትሪ አራተኛ ዓመት፦

እትዬ፣ በሩን መልሶ ስለመክፈት የተሞከረ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት ሴሉሜቲኒብ የሚባል መድኃኒት፣ ያን "ተባዛ" የሚለውን ትዕዛዝ ሜክ ላይ የሚያቋርጥ፣ አዮዲን መሳብ ላቆመባቸው 20 ሰዎች ተሰጠ። በ 12ቱ ላይ መሳቡ ጨመረ። 8ቱ አዮዲን ለመውሰድ በቁ፤ ከእነሱ የ 5ቱ ዕጢ አነሰ። አሁን ግን ሳልቸኩል ልጨርስ፦ በኋላ ገና በሽታው ላልከፋባቸው፣ ከመጀመሪያው አዮዲን ጋር አብሮ ሲሰጥ በሰፊው ተሞክሮ ብልጫ አላሳየም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ሐኪሜ ይህንኑ ነው ያለኝ። ከፋ ካለ እንሞክራለን ብሎኛል። አሁን ጠንቀቅ ብለሽ ጻፍሽው፣ ጎበዝ።

ጋሽ አፈወርቅ፦

ልጆች፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የጤና መኮንን ነኝ። ጎጃም ውስጥ እንቅርት የሌለበት ቤት ያላየሁበት ቀበሌ ነበር። ጨው ከአሰብ ሲመጣ አዮዲን ይገባበት ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲመጣ ያ ቀረ። የአፍዴራ ጨው አዮዲን ሳይነካው ለዓመታት ተበላ። እ.ኤ.አ. በ2011 ነው ደንብ ወጥቶ ጨው ላይ አዮዲን ይግባ የተባለው።

አዮዲን በጎደለበት አገር ፎሊኩላር የሚባለውና አናፕላስቲክ የሚባለው ካንሰር ድርሻቸው ከፍ ይላል። አዮዲን ሲገባ ፓፒላሪው ይበዛል። የዚች ልጅ ፓፒላሪ መሆኑ ዕድል ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዳይሆን ግን፣ አንገቱ ላይ ያለው እንቅርት የጠጠረ፣ ቶሎ ያደገ ወይም ድምፁ የሻከረ ሰው አይጠብቅ።

ተጠራጣሪው፦

ጋሼ፣ አናፕላስቲክ ምን ያህል ይከፋል? አጎቴን በሁለት ወር ነው ያጣነው፤ እንደዚያ ብለው ነበር።

ፓቶሎጂ ሦስተኛ ዓመት፦

ነፍስ ይማር። በጣም ይከፋል። እዚያ ላይ ቀለሙ ሁሉ ይገለበጣል። ታይሮግሎቡሊን ይጠፋል፣ ቲቲኤፍ 1 የሚባለው ሌላው የታይሮይድ ሴል ፕሮቲንም ይጠፋል፤ ሴሉ ታይሮይድ መሆኑን ይረሳል። ብዙ ጊዜ ከየት እንደመጣ የሚነግረን የቀረው ፓክስ 8 የሚባለው ፕሮቲን ብቻ ነው። ኪ 67 በጣም ከፍ ይላል። ሴልን ከካንሰር የሚጠብቀው ፒ 53 ተበላሽቶ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 ቢራፍ ቪ 600 ኢ ላለባቸው ዳብራፌኒብና ትራሜቲኒብ የሚባሉ መድኃኒቶች አንድ ላይ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀዱ። እዚያ ላይ ያ ቡናማ ቀለም "አለ" ሲባል ቤተሰብ ደስ ይለዋል። የእህታችንን እንቅልፍ የነሳት ቃል ማለት ነው።

ሌላ ሰው እንዳይደናገር አንድ ልጨምር፦ ወረቀታችሁ ላይ ካልሲቶኒን ፖዘቲቭ የሚል ካለ ያ ሜዱላሪ የሚባል ሌላ ካንሰር ነው። ከአራቱ አንዱ ያህል በዘር ይተላለፋል። እህት ወንድም፣ ልጅ፣ ሁሉም ስለ ሬት ዘረ መል ምርመራ ሐኪም ይጠይቅ።

ታናሽ ወንድም፦

ዛሬ እህቴ ራሷ ሁሉንም አነበበች። የሲልቨር ስፕሪንጓን ስታነብ ዝም አለች፤ በርበሬው ላይ ስትደርስ ሳቀች። ትናንት ማታ ተኝታለች።

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ሐኪሙ ስላይዶቹን ይዛችሁ ኑ ብሏል። ቤተ ሙከራው ስላይድ ሰጥቶኝ "ብሎኩንም ትወስዳለህ?" አለኝ። ሳይገባኝ አዎ ብዬ ፈርሜ ወሰድኩ። ትንሽ የሰም ቁራጭ ናት። ፍሪጅ ላስገባት?

ስላይድ ቆራጩ፦

ደግ አደረግህ። የወጣው ዕጢ ቁራጭ ያለው ብሎኳ ውስጥ ነው። ስላይድ አንዴ ከተቀባ አለቀ፤ ከብሎኩ ግን ሌላ ምርመራ ሲታዘዝ እንደገና ይቆረጣል። ፍሪጅ አያስፈልጋትም። ፀሐይ የማያገኛት መሳቢያ ውስጥ፣ ቁጥሯ ሳይፋቅ፣ በወረቀት ጠቅልለህ አስቀምጥ። ምድጃ አጠገብ ብቻ እንዳትተዋት።

ታናሽ ወንድም፦

እናቴ ጧፍ መስሏት አንስታት ነበር። አሁን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፌባታለሁ።